ሽቦውን የመረመረው ሊቅ፦ የሎርድ ኬልቪን የሕይወት ታሪክ በአጭሩ

ስለ አንድ ታላቅ ሊቅ ለመጻፍ ብዕሬን ካነሣሁ በኋላ ወሬውን ከቤታችን ጓሮ መጀመሬ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገር ግን ይኸን ሰው ያወቅሁት በጥፋቴ ምክንያት ስለ ሆነ፣ አስቀድሜ ጥፋቴን ካልተናገርሁ ታሪኩን ለምን እንደ መረጥሁት አይገባችሁም።

አያቴ እግራቸውን ስለሚያማቸው ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ጆሯቸውም ከበድ ብሏል። የሚኖሩት ከግቢያችን ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ባለፈው ዓመት የትንሣኤን ሌሊት ቅዳሴ ካልጋቸው ላይ ሆነው እንዲሰሙ አስቤ፣ ሳሎን ካለው አምፕሊፋየር እስከ እርሳቸው ክፍል 15 ሜትር ሽቦ ዘረጋሁና አንዱን ስፒከር ወሰድሁላቸው። ሽቦውን የምገዛው በራሴ ገንዘብ ስለ ነበረ ከሁሉ የረከሰውንና የቀጠነውን መረጥሁ። ሲከፈት ድምፁ ደካማ ሆነ። እኔም ነገሩን ሳልመረምር የአምፕሊፋየሩን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞርሁት። ድምፁ ይንሻከክ፣ ይሰነጣጠቅ ጀመር፤ ጥቂት ቆይቶም በስፒከሩ ውስጥ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክፍል ተቃጠለች። ከዚያ በኋላ ቃሉ የማይለይ ጉምጉምታ ብቻ ቀረ። አያቴ ምንም አልተቆጡኝም፤ ለእኔ የባሰብኝም ይኸው ነው።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ነገሩን ለፊዚክስ መምህራችን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ሣቁና፣ ይኸንኑ ስሕተት በ1858 ዓ.ም. አንድ ሐኪም ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ሥር በተዘረጋ ገመድ ላይ ሠርቶት እንደ ነበረ ነገሩኝ። የገመዱን ጠባይ አስቀድሞ አስልቶ የተናገረው ደግሞ ሎርድ ኬልቪን መሆኑን ጨመሩልኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ኬልቪን የሙቀት መለኪያ ስም እንጂ የሰው ስም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚህ በታች የማነሣቸው ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

ዊልያም ቶምሶን፣ የኋላው ሎርድ ኬልቪን፣ በአየርላንድ በቤልፋስት ከተማ ሰኔ 26 ቀን 1824 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ጄምስ ቶምሶን የሒሳብ መምህር ነበር። እናቱ ማርጋሬት በ1830 ስለ ሞተች አባትየው ልጆቹን በቤት ውስጥ ራሱ ያስተምራቸው ነበር። በ1832 አባቱ በስኮትላንድ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሾም ቤተሰቡ ሁሉ ወደዚያው ተዛወረ። ዊልያም በ10 ዓመቱ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመዘገበ። ይኸ ለእኛ እንደ ተአምር ይታየናል፤ ግን በዚያ ዘመን የስኮትላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት የቻለውን ሕፃን ይቀበሉ ስለ ነበረ እጅግ አንደነቅ። ይልቅስ የሚያስደንቀው ከዚህ በኋላ የሆነው ነው።

ፉሪዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ሙቀት በብረትና በሌላም ነገር ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ በሒሳብ የገለጸበት ትልቅ መጽሐፍ ነበረ። ዊልያም በ1840፣ ገና 16 ዓመት ሳይሞላው፣ ይኸን መጽሐፍ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተውሶ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንብቦ ጨረሰው። አንድ የኤዲንበርግ ፕሮፌሰር ፉሪዬ ተሳስቷል ብሎ ጽፎ ነበርና፣ ልጁ ስሕተቱ የፕሮፌሰሩ መሆኑን የሚያስረዳ ጽሑፍ አዘጋጀ። ጽሑፉም በ1841 በካምብሪጅ የሒሳብ መጽሔት ታተመ፤ ስሙን ግን ሸሽጎ ሦስት ፊደላት ብቻ አስፈረመበት። እንግዲህ አንባቢዬ ይኸን የሙቀት መጽሐፍ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ባሕሩ ገመድ ስንደርስ እንደ ገና እናገኘዋለንና።

በዚያው ዓመት ካምብሪጅ ገባ። እዚያም ትምህርት ብቻ አልነበረም ሥራው፤ ጀልባ በመቅዘፍ ውድድር አሸንፏል፤ ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲውን የሙዚቃ ማኅበር ካቋቋሙት ተማሪዎችም አንዱ እርሱ ነው። በ1845 በመጨረሻው የሒሳብ ፈተና አንደኛ ይወጣል ተብሎ ሲጠበቅ ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ በሚከተለው የስሚዝ ሽልማት ፈተና ግን አንደኛ ሆነ። በ1846፣ በ22 ዓመቱ፣ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ተባለና በዚያው ወንበር 53 ዓመት ተቀመጠ።

ስሙ በዓለም የታወቀበትን የሙቀት መለኪያ ያሰበው በ1848 ነው። ከዜሮ በታች በ273 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ከዚያ ወዲያ ሊቀንስ የማይችልበት ወሰን መኖሩን ተመልክቶ መቁጠር ከዚያ እንዲጀመር አደረገ። ይኸ በክፍል የምንማረው ስለ ሆነ አልፈዋለሁ። እኔን የሳበኝ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ አሮጌ የወይን ጠጅ ማስቀመጫ የነበረውን ምድር ቤት ተረክቦ ለተማሪዎቹ የፊዚክስ ላቦራቶሪ ማድረጉ ነው። ተማሪዎቹ ያለ ደመወዝ በፈቃዳቸው እየመጡ ሽቦ ይለኩለት ነበር።

አሁን ወደ ገመዱ እንምጣ። በ1850ዎቹ ዓመታት ቴሌግራፍ በየብስ ላይ ተስፋፍቶ ነበር። ከባሕር በታች በተዘረጉት ረዣዥም ገመዶች ላይ ግን አንድ እንግዳ ነገር ታየ። በአንዱ ጫፍ ቶሎ ቶሎ የተመታው ምልክት በሌላው ጫፍ ዘግይቶና ተዘርግቶ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይደርሳል። ቶምሶን በ1854 ይኸን ነገር ሲመረምር የፉሪዬ የሙቀት ሒሳብ መልሱን ይዞ አገኘው። የአንድ ረዥም ብረት ጫፍ እሳት ውስጥ ቢገባ ሌላው ጫፍ ወዲያው አይግልም፤ ሙቀቱ ብረቱን እየሞላ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ኤሌክትሪክም በባሕር ገመድ ውስጥ እንዲሁ ገመዱን እየሞላ ይጓዛል። በሒሳቡ መሠረት የገመዱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን መዘግየቱ አራት እጥፍ፣ ርዝመቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን መዘግየቱ ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። መድኃኒቱም በውስጡ ያለውን መዳብ ማወፈር፣ በመዳቡ ላይ የሚለበጠውንም መከላከያ ማወፈር ነው። የዚያን ጊዜ መከላከያ ጉታ ፐርቻ የሚባል ከዛፍ የሚገኝ ላስቲክ መሰል ነገር ነበር።

ወፍራም መዳብ ደግሞ ብዙ ገንዘብ ይፈጃል። ስለዚህ የአትላንቲክን ገመድ ለመዘርጋት በ1856 የተቋቋመው ኩባንያ ሌላ ሰው ሰማ። ይኸውም ዋይልድማን ኋይትሃውስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር፤ የኤሌክትሪክን ሥራ በራሱ ጥረት ያጠና ሰው ነው። እርሱም የቶምሶንን ሒሳብ የመጻሕፍት ወሬ አድርጎ ናቀው፤ ቀጭን መዳብ ይበቃል፣ ምልክቱ ቢደክም በኃይል እንገፋዋለን የሚል አሳብ ነበረው። ቶምሶን ከኩባንያው ዲሬክተሮች አንዱ ሆኖ ሲመረጥ ገመዱ አስቀድሞ ታዝዟል። በአንድ የባሕር ማይል የገባው መዳብ 107 ፓውንድ ነው፤ ይኸውም 48 ኪሎ ተኩል ያህል መሆኑ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ምክሬን ካልሰማችሁ የራሳችሁ ጉዳይ ብሎ ይለያቸው ነበር። ቶምሶን ግን ከነመጥፎው ገመድ አብሯቸው ሠራ። ከፋብሪካ የመጡትን የመዳብ ናሙናዎች ወደዚያ ምድር ቤት ወስዶ ቢለካቸው፣ ለዓይን አንድ የሚመስሉት ሽቦዎች ኤሌክትሪክ በማሳለፍ እጅግ የተለያዩ ሆነው አገኛቸው፤ አንዳንዱ የደኅናውን ግማሽ ያህል እንኳ አያሳልፍም። ምክንያቱ በመዳቡ ውስጥ የተቀላቀለ ጥቂት ባዕድ ነገር ነው። ከዚህ በኋላ ለገመድ የሚሆን መዳብ በውሉ መሠረት እየተለካ እንዲገባ ያደረገው እርሱ ነው። ዛሬ ሱቅ ገብቶ ሽቦው ሲያብለጨልጭ አይቶ የሚገዛ ሰው፣ እኔን ጨምሮ፣ ይኸን ቢያውቅ መልካም ነበር።

በ1857 የተጀመረው ዝርጋታ ገመዱ ተበጥሶ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ጥልቀት ውስጥ ሰጠመና ቀረ። በ1858 ኋይትሃውስ ሕመሜ አያስኬደኝም ስላለ ቶምሶን በእርሱ ፈንታ ያለ ደመወዝ አጋሜምኖን በሚባለው የጦር መርከብ ላይ ተሳፈረ። በሰኔ ወር ብርቱ ማዕበል መርከቢቱን ሊያሰጥማት ደረሰ፤ ገመዱም ደጋግሞ ተበጠሰ። በመጨረሻ ነሐሴ 5 ቀን 1858 ከአየርላንድ ቫለንሺያ እስከ ኒውፋውንድላንድ ድረስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ ገመድ ተገናኘ። በኒው ዮርክ ለደስታው የተተኮሰው ርችት የከተማውን አዳራሽ ጣራ እስከ ማቃጠል ደርሶ ነበር።

ነገር ግን የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት የላከችው 98 ቃላት ያሉት መልእክት እስኪደርስ 16 ሰዓት ፈጀ። ቶምሶን ለደካማ ምልክት የሚሆን መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ከአንዲት ትንሽ መስተዋት ጀርባ ጥቃቅን ማግኔቶች ለጥፎ በሐር ክር ያንጠለጥላታል፤ ኤሌክትሪክ ሲመጣ መስተዋቷ ጥቂት ትዞርና የመብራቱን ጨረር በግድግዳው መለኪያ ላይ ወዲያና ወዲህ ትወስዳለች። ለዚህች መስተዋት አነስተኛ ባትሪ ይበቃታል። ኋይትሃውስ ግን በትልልቅ መጠምጠሚያዎቹ 2,000 ቮልት ያህል ወደ ገመዱ ላከበት። አስቀድሞም የተጎዳው መከላከያ አልቻለውም፤ ምልክቱ ቀን በቀን እየደከመ ሄዶ ከአንድ ወር ያልበለጠ አገልግሎት ከሰጠ በኋላ ገመዱ ዝም አለ።

ፍርድ እንዳላጓድል አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። ጥፋቱ ሁሉ የኋይትሃውስ ብቻ አልነበረም። ገመዱ በጥድፊያ የተሠራ ነው፤ ከፊሉም ሜዳ ላይ ፀሐይ ሲመታው ስለ ከረመ መከላከያው ለስልሶ መዳቡ ከመካከል ወደ ዳር ሸሽቶ ነበር። ቶምሶንም ለሐኪሙ አሳብ በቶሎ በመሸነፉ በኋላ ተጸጽቷል። በዚያች አጭር ጊዜ እንኳ ገመዱ አንድ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ከካናዳ ሊነሡ የነበሩ ሁለት የእንግሊዝ ክፍለ ጦሮች በአንድ መልእክት እንዲቆዩ ስለ ተደረገ ለመንግሥቱ 50,000 ፓውንድ ያህል ተርፎለታል።

ከዚህ በኋላ መንግሥትና ኩባንያው አንድ ላይ ሆነው ነገሩን የሚመረምር ጉባኤ አቆሙ። በዚሁ መካከል ቶምሶን በ1860 መጨረሻ፣ በረዶ ላይ ድንጋይ በማንሸራተት ጨዋታ ሲጫወት ወድቆ እግሩ ተሰበረና እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ያነክስ ነበር። በ1865 ግሬት ኢስተርን የምትባለው በዘመኑ ከሁሉ የበለጠች መርከብ አዲሱን ገመድ ጭና ተነሣች። አሁን በአንድ የባሕር ማይል የገባው መዳብ 300 ፓውንድ፣ ወይም 136 ኪሎ ያህል ሆኗል፤ መከላከያውም ከ261 ፓውንድ ወደ 400 ከፍ ብሏል። ከአሥር ዓመት በፊት በወረቀት ላይ የተሰላው ሒሳብ በመጨረሻ በመዳብ ተከፈለ ማለት ነው። ያም ገመድ ከሁለት ሦስተኛው መንገድ አልፎ ተበጠሰ። በሚከተለው ዓመት ግን ሐምሌ 27 ቀን 1866 ሌላው ገመድ ያለ ችግር ደረሰ፤ የተበጠሰውም ከባሕሩ ወለል በመንጠቆ ተስቦ ወጣና ተቀጥሎ ተጨረሰ። በዚህ ገመድ በደቂቃ ስምንት ቃላት ያህል ይላክ ነበር፤ እንግዲህ የንግሥቲቱ 98 ቃላት በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልቁ ነበር ማለት ነው። ቶምሶንም በዚያው ዓመት ሰር የሚል ማዕርግ አገኘ።

ከፈጠራ ሥራዎቹ ብዙ ገንዘብ አገኘ። በቤቱ ግን ኀዘን አልጠፋም፤ በ1852 ያገባት ሚስቱ ማርጋሬት ለብዙ ዘመን ስትታመም ቆይታ በ1870 ሞተች። እርሱም አንዲት ባለ ሸራ መርከብ ገዝቶ ብዙ ጊዜውን በባሕር ላይ ያሳልፍ ጀመር። በዚያም የፒያኖ ሽቦ እየለቀቀ የባሕርን ጥልቀት የሚለካ መሣሪያ ሠራ፤ የመርከብ ኮምፓስንም አሻሻለ። በ1874 ከማዴይራ ደሴት ፋኒ ብላንዲን አገባ። በ1876 አሜሪካን አገር በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ዳኛ ሆኖ ሲሄድ የቤልን ስልክ በገዛ ጆሮው ሰማና ወሬውን ወደ እንግሊዝ አገር ይዞ ተመለሰ። በ1881 ደግሞ የሽቦን ውፍረት ስለ መምረጥ አንድ ደንብ አወጣ። በየዓመቱ ለመዳቡ ዋጋ የሚወጣው ገንዘብና በሽቦው ውስጥ በሙቀት የሚባክነው ኤሌክትሪክ ዋጋ እኩል ሲሆኑ፣ ከሁሉ የሚረክሰው ውፍረት ያ ነው። ቀጭን ሽቦ ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም፤ ወፍራሙም ሁልጊዜ አይጠቅምም።

አልተሳሳተም ብዬ ግን አልዋሽም። የመሬትን ዕድሜ ከሙቀቷ ተነሥቶ ሲያሰላ በጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ገመተው፤ ዛሬ 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑ ታውቋል። የገመዱም ሒሳብ ቢሆን ሙሉ አልነበረም። ማግኔት በሽቦ ውስጥ የሚያደርገውን ነገር ትቶት ነበርና፣ ይኸን የሞላው ኦሊቨር ሄቪሳይድ የሚባል ሥራ የሌለው ብቸኛ ሰው ነው። ብዙዎች ሄቪሳይድን ሲንቁት ቶምሶን በ1889 በኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ጉባኤ ፊት ሥራውን አመሰገነለት። ይኸን ሳነብ፣ በ1856 እርሱ ራሱ የተናቀበትን ጊዜ ሳያስታውስ አልቀረም ብዬ አሰብሁ።

በ1892 ሎርድ ተባለ። የማዕርግ ስሙንም ከዩኒቨርሲቲው ሥር ከሚፈሰው ከኬልቪን ወንዝ ወሰደ። በ1899 ወንበሩን ከለቀቀ በኋላ ሄዶ እንደ ገና የምርምር ተማሪ ሆኖ በመዝገቡ ተጻፈ፤ ዕድሜው 75 ዓመት ነበር። ታኅሣሥ 17 ቀን 1907፣ በእኛ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች በሾሙበት ዓመት፣ በላርግስ ባለው ቤቱ ዐረፈ። የተቀበረው በለንደን በዌስትሚንስተር ገዳም ከኒውተን አጠገብ ነው። ልጅ ስላልነበረው ማዕርጉ አብሮት ተቋረጠ።

አሁን ወደ ጓሯችን ልመለስ። መምህራችን የመለኪያ መሣሪያ አዋሱኝና ያን ሽቦ ለካሁት። በአንደኛው ጫፍ ሁለቱን ክሮች አገናኝቼ በሌላው ጫፍ ብለካ፣ መሄጃና መመለሻው 30 ሜትር ስለ ሆነ 3.2 ኦም ተገኘበት። ስፒከሩ የ4 ኦም ነው። ይኸ ማለት ለአያቴ ስፒከር መድረስ ከሚገባው ኃይል ከሢሶ ያነሰ ብቻ ነበር የሚደርሰው። ሽቦውን በምላጭ ብፍቀው በላዩ መዳብ፣ በውስጡ ግን ነጭ አልሙኒየም ሆኖ ተገኘ። አልሙኒየም ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው ከመዳብ ስድስት አሥረኛ ያህል ነው። ቀጭንነቱ ላይ ይኸ ተጨመረ። እኔም እንደ ኋይትሃውስ ማዞሪያውን አጠበቅሁ።

የሽቦው ሬዚስታንስ ከስፒከሩ ኦም ከመቶ አምስት እንዳይበልጥ ይመከራል። ለእኔ ከመቶ አምስቱ 0.2 ኦም ስለ ሆነ፣ ለ15 ሜትር መንገድ ለግድግዳ ሶኬት የሚዘረጋው ባለ 2.5 የጥሩ መዳብ ሽቦ ልክ ይሆናል። መንገዱ ሦስት ሜትር ቢሆን ኖሮ ከዚያ የቀጠነው ይበቃኝ ነበር። ከስልክ ወይም ከቴሌቪዥን ወደ አምፕሊፋየር የሚገባው ገመድ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። በእርሱ ውስጥ የሚሄደው ምልክት እጅግ ደካማ ስለ ሆነ ውፍረት አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው ከመብራት መሥመር የሚመጣውን እዝዝታ የሚከለክል በዙሪያው የተጠለፈ የሽቦ መረብ ነው። አሠራሩም መካከሉ መዳብ፣ ቀጥሎ መከላከያ፣ ከዚያ በዙሪያው መረብ በመሆኑ፣ በባሕር ውኃ የተከበበው የአትላንቲክ ገመድ ታናሽ ወንድም ነው። ስለዚህም እጅግ ሲረዝም ቀጭኑን ድምፅ ያደበዝዛልና ማሳጠር ይሻላል። በወርቅ የተለበጠ ጫፍ ያለውን በብዙ ብር የሚሸጡትን ሳይ ግን ቶምሶን ቢኖር መለኪያውን ያወጣ ነበር እላለሁ።

ለስፒከሩ የተቃጠለችውን ክፍል አስለወጥሁ፤ ለሽቦው ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ገንዘብ አጠራቀምሁ። በመስከረም ባለ 2.5 የመዳብ ሽቦ ገዝቼ፣ ከመዘርጋቴ በፊት ለክቼ፣ በጣራው ሥር አሳልፌ አገናኘሁት። ማዞሪያውን ከሩብ በላይ አላዞርሁትም። አያቴ ካልጋቸው ቀና ብለው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፣ ድምፁ በዛ፣ ቀነስ አድርግልኝ አሉኝ።